የማን እጅ ነው?

ሳን ሆዜ፣ ጥር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አሳዳጊዬ፣ ለእትዬ ሀረገወይን፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? የደብረ ብርሃን ብርድ ዘንድሮ ብሷል ሲሉ ሰምቼ ሐሳብ ገብቶኛል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። ቤዚ ኮሌጅ ገብታለች። ግሩም እዚሁ አጠገባችን ካለው የኒውአርክ መጋዘን ዕቃ እየጫነ ኦክላንድ ድረስ ያመላልሳል። እኔም ያው አረጋውያኑ ቤት ነኝ፤ ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማልበስ።

ስልክ ላይ ስለማይሰማዎት ነው በፖስታ የምጽፍልዎ። ደግሞም ይህ ነገር ጮክ ተብሎ የሚነገር አይደለም።

ከገና በፊት ጀምሮ ሰውነቴ ላይ ምልክት ይወጣል። ጠዋት ስነሳ ክንዴ ላይ በውጭ በኩል አራት ጣት፣ በውስጥ በኩል አንድ አውራ ጣት። አንድ ሰው ጨምድዶ ይዞኝ ያደረ ነው የሚመስለው። አያመኝም። ሐምራዊ ይሆናል፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ። እሱ ሳይጠፋ ሌላው ይመጣል። የነካኝ ሰው የለም።

አንድ ጠዋት ዕቃ ሳጥብ እጅጌዬን ስሰበስብ ቤዚ አየችው። ቀጥሎ አባቷን አየች። በእንግሊዝኛ «ይሄን ማነው ያደረገሽ?» አለችኝ። ግሩም ሳቀ። ቀረብ ብሎ ለጨዋታ ያህል እጁን ምልክቱ ላይ አሳረፈው። ጣት በጣት ገጠመ። ሳቁን አቆመ። እጁን ቀስ ብሎ አነሳና ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ ከቤት እስኪወጣ ድረስ አላወጣውም።

ሐኪም ቤት ስንሄድ ነርሷ ግሩምን «ውጭ ጠብቀን» አለችው። በሩን ዘግታ «ቤትሽ ውስጥ የምትፈሪው ሰው አለ?» አለችኝ። የለም አልኩ። ክንዴን እያየች ደግማ ጠየቀችኝ። በኋላ ግን ደሜን ሲመረምሩት ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት ፕሌትሌት የሚሏቸው በጣም አንሰው ተገኙ። የገዛ ሰውነቴ ነው የሚያጠፋቸው አሉ። ፕሌትሌቱን የሚያሳድግ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን አዘውልኝ ጀምሬያለሁ፤ እስካሁን ለውጥ የለውም።

እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አባቴ እናቴን ደብድቦ ገደላት ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት። ሰውነቷ ላይ የነበረው ምልክት ምን ይመስል እንደነበር ግን የነገረኝ የለም። ምን ይመስል ነበር?

ከእግርዎ በታች ያለችው፣
መንበረ

*

ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመንበረ፣

የጻድቃኔ ማርያም በወጣሽበት በገባሽበት ትጠብቅሽ። ጤናዬ ለዕድሜዬ ይበቃኛል። ደብዳቤሽ ደረሰኝ፤ የእጅ ጽሑፍሽ ተበላሽቷል፣ «መ»ሽ «ወ» ትመስላለች። አርባ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝና አትቀየሚኝ።

አሁን የምጠይቅሽን በእውነት መልሺልኝ። ግሩም ይመታሻል? አገሩ የሴት አገር ነው፣ ፖሊስ አለ፣ ይባላል። ቢሆንም ሴት ልጅ ለባሏ ስትል እንደምትዋሽ አውቃለሁ። እጁ ከገጠመ ለምን ገጠመ? ሰው እንቅልፍ ላይ ሆኖ የሚያደርገውን አያውቅም የሚሉም አሉ። ለብቻው ይተኛ።

እሱ ካልሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ስሙን አልጠራውም። የጎረቤቴ ልጅ ሚክያስ ወደዚያው ሊመለስ ስለሆነ ከጻድቃኔ የቀዳሁትን ጸበል በፕላስቲክ ጠርሙስ አስይዤዋለሁ። ጠዋት ምንም ሳትቀምሺ ጠጪ። ዐቢይ ጾም ገብቷል፤ ዘንድሮ ሥራ ደክሞኛል ብለሽ እንዳታፈርሺ። እስከ ስድስት ሰዓት ጹሚ፤ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል አይንካሽ።

ደህና ሁኚልኝ። የኤልፓው ጉዳይ አላለቀም፣ መብራት ይሄዳል ይመጣል።

ሀረገወይን

*

ሳን ሆዜ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሀረገወይን፣

ቸሩ መድኃኔ ዓለም ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርስዎ። ጸበሉ ደርሶኛል፤ ሚክያስ ኦክላንድ ቤተ ክርስቲያን ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ።

ግሩም አይመታኝም። በኋላ አዝናለሁና ይህን ሁለተኛ አይጠይቁኝ። ደብዳቤዎ ሳይደርሰኝም ግን ለብቻው መተኛት ጀምሯል፤ እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ራሱ ነው። ሶፋው ላይ ተኝቶ «በሩን ከውስጥ ቆልፊው» አለኝ። «ለምን?» ስለው «ቆልፊው ብቻ» አለ። ቆልፌው ተኛሁ። ጠዋት ቁልፉ እንደተቆለፈ ነው፤ ሁለቱም ክንዴ ላይ ጣት አለ። ከበፊቱ ያነሰ፣ ቀጭን ጣት። በሩን ከፍቼ ሳሳየው ግሩም እሱ አለመሆኑ ሲረጋገጥ ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን «ታዲያ ማነው?» አለ። ሁለታችንም ወደ መኝታ ቤቱ ዞረን አየን። የሚታይ ነገር አልነበረም፤ አልጋውና መስኮቱ ብቻ። ቢሆንም ያን ቀን ማናችንም ብቻችንን አልገባንም።

ይህ በጾሙ መግቢያ ነው። አሁን የምነግርዎ ግን ያስደስትዎታል። የንስሐ አባቴን አስፈቅጄ ክኒኑን ጠዋት በውኃ ብቻ እየዋጥኩ፣ ጸበሉንም እየጠጣሁ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ጾምኩ። ምልክቱ እየሳሳ ሄደ። አሁን ሰውነቴ ንጹሕ ነው። ፕሌትሌቱ ወደ ጤነኛ ሰው ተጠግቷል ብለው ሐኪሞቹም ገርሟቸዋል።

ነገር ግን ጥያቄዬን አልመለሱልኝም። እናቴ ድዷ ይደማ ነበር? ቅልጥሟ ላይ ትንኝ የነከሳት የሚመስል ቀያይ ነጠብጣብ ነበረባት? እኔ ላይ እንደዚያ ነበር።

መንበረ

*

ደብረ ብርሃን፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመንበረ፣

እንኳን አብሮ አደረሰን። ደብዳቤሽን ሳነብ አለቀስኩ። ጾሙ አባረረልሽ! ጻድቃኔ ሄጄ ስለቴን አደረስኩ፤ ጉልበቴ እንቢ ብሎ በሰው ትከሻ ነው የወጣሁት።

ልጄ፣ ከዳንሽ በኋላ ያ ክኒን ምን ያደርግልሻል? ገና ጾሙ ሳይገባ ስትውጪው ምንም አላደረገም ብለሻል፤ ሲገባ ዳንሽ። ታዲያ ያዳነሽ የትኛው ነው? እዚህ አንዲት ሴት የባሕር ማዶ ክኒን ጉበቷን አበላሸው። ብትተይው ይሻላል ባይ ነኝ።

የእናትሽን ነገር ተይው። አባትሽንም አታንሺብኝ። ከጠባሴ በላይ ለብቻው ይኖራል፤ ገበያ ላይ ሳገኘው መንገድ እቀይራለሁ። ይኸው ነው።

ቤዚን ሳሚልኝ። አማርኛ አስተምሪያት።

ሀረገወይን

*

ሳን ሆዜ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ፣

ሰላምታዬ ቢያጥር ይቅር ይበሉኝ፤ እጄ ላይ መርፌ የተሰካበት ገና አልሻረም።

ከፋሲካ ማግስት ተመልሶ መጣ። ፈሰኩ፣ መጣ። በሳምንቱ ጀርባዬ ላይ ሳይቀር፣ እኔ ራሴ ልደርስበት የማልችልበት ቦታ፣ ሰፊ መዳፍ የሚያክል ጥቁር ነገር ቤዚ አየችብኝ። ጾም ሲገባ የሚሸሽ፣ ጾም ሲወጣ የሚመለስ ነገር ምን እንደሚባል እርስዎም እኔም እናውቃለን። በጣም ፈራሁ። ግሩም ቤቱን እንልቀቅ አለ። የእርስዎም ደብዳቤ በዚያው ሰሞን ደረሰኝ፤ ክኒኑን ተውኩት። በእርስዎ አላመካኝም፤ ለሐኪሞቹ ደውዬ መጠየቅ የእኔ ፋንታ ነበር።

ከተውኩት በኋላ ባሰ። ሥራ ላይ አንዲት አሮጊት ከወንበር ሳነሳ አፍንጫዬ ደማ። ደማ፣ ደማ፣ አልቆም አለ። የአሮጊቷ ነጭ ሹራብ ቀላ። እሷ ናት ጮኻ ሰው የጠራችልኝ። በአምቡላንስ ኢመርጀንሲ ወሰዱኝ። ፕሌትሌቴ ከመጀመሪያውም በታች ወርዶ ተገኘ። ሐኪሟ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ይህ ክኒን በድንገት ከተቋረጠ ደምሽ ከበፊቱ የባሰ ሊወርድ ይችላል። ጭንቅላትሽ ውስጥ ቢደማ ኖሮ አንነጋገርም ነበር» አለችኝ።

በማግስቱ የፋርማሲ ባለሙያ መጣች። የምጠይቀው ብዙ ነው ብላ ወረቀት ይዛ ተቀመጠች።

«ክኒኑን ስትውጪ ምን ትበያለሽ?»

«በፍስክ? አጃ በወተት። ለአጥንት የሚሰጡኝን ካልሲየምም አብሬ እውጣለሁ፣ እንዳልረሳ።»

«በጾምሽ ጊዜስ?»

«ውኃ ብቻ። እስከ ቀትር ምንም።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ወተት፣ እርጎ፣ አይብ፣ ካልሲየም፣ ብረት ያለው ቫይታሚን፣ የጨጓራ ማስታገሻ፣ እነዚህ ሁሉ ክኒኑን ሆድ ውስጥ ይዘው ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል አለችኝ። ክኒኑ ከእነሱ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም አራት ሰዓት ቆይቶ መዋጥ አለበት። በጾሙ ወራት ወተት ስላልነበረ ሠራ። በፋሲካ ወተቱ ተመለሰ፤ ክኒኑ እየተዋጠ እንዳልተዋጠ ሆነ። መጀመሪያ ሲሰጡኝም ነግረውኝ ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ በመስታወቱ በኩል ኮሪደር ላይ የቆመውን ግሩምን እያየሁ ነበር፤ ነርሶቹ እንዴት እንደሚያዩት እያየሁ።

«በሩ ተቆልፎ የወጡትስ ጣቶች?» አልኳት ሐኪሟን። እንዴት እንደምተኛ ጠየቀችኝ። ብርድ ስለማልችል ራሴን አቅፌ ነው የምተኛው። «እስቲ እቀፊ» አለችኝ። ክንዶቼን አጣምሬ ያዝኩ። የቀኝ ጣቶቼ ግራ ክንዴ ላይ ያለው ምልክት ላይ፣ የግራዎቹ ቀኙ ላይ፣ አንድ በአንድ ገቡ። እትዬ፣ የራሴ እጅ ነበር። የጀርባዬ የወንበር መደገፊያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ደግሞ ሳነሳቸው ክንዴን ይዘው የሚነሡት አሮጊቶች፣ ወይ መኪና ስወርድ የሚደግፈኝ ግሩም። ሰው ደህና ደም ካለው የማያስታውሰውን መነካት የእኔ ቆዳ መዝግቦ ያስቀራል። ይህን ሳውቅ ፍርሃቱ ይለቀኛል ብዬ ነበር፤ አለቀቀኝም፤ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ።

ማንም ሳይመታኝ የተደበደበ ሰው መስያለሁ። የልጄ ዓይን፣ የነርሷ ዓይን፣ የእርስዎም ብዕር ባሌን ከሰውታል። እናቴ ራሴን አመመኝ ብላ በማግስቱ እንደሞተች ሰምቻለሁ። እናቴን ማን ነካት? የሚያውቁትን ይንገሩኝ።

መንበረ

*

ደብረ ብርሃን፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመንበረ፣

በሕይወት ያቆየሽ አምላክ ይመስገን። ዘግይቻለሁ። መልስ ሳይኖረኝ መጻፍ አልፈለግሁም።

እህቴ፣ እናትሽ ስትሞት እኔ መሐል ሜዳ ከተማ ነበር የማስተምረው። ለቀብር ነው የደረስኩት። የገነዟት ሴቶች «ክንዷ በጣት ተለቅሟል፣ ጭኗ ጠቁሯል፣ በአፏ ደም ነበር» አሉኝ። ቀይ ነጠብጣብም ነበረ፤ ቅልጥሟ ላይ። «በእሾህ ገርፏት ነው» ነው የተባለው። አባትሽ ክንፉ ታሰረ፤ ሁለት ዓመት ከርሞ ማስረጃ ጠፋ ተብሎ ተፈታ። ወንድሞቻችን ወደ ልጁ እንዳይደርስ አስማሉት። አንቺን እኔ ወሰድኩ። የማውቀው ይህን ነው።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከዚያ ጠባሴ ወጣሁ። በሩን አንኳኩቼ ስሜን ተናገርኩ። ቆይቶ ከፈተ። ሸምግሏል። ወንበር ሰጠኝና ራሱ ራቅ ብሎ ግድግዳው ሥር ቆመ፤ እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ። ጆሮዬ ስለማይሰማ ጮክ በል አልኩት።

«የዚያን ሰሞን የት ነበርክ?»

«አዋሽ። መንገድ ሥራ። ሕመሟን ሰምቼ በሞተችበት ዋዜማ ነው የገባሁት።»

«ምልክቱስ?»

«ስመጣ ነበረባት። ‹ምን ሆንሽ?› ስላት ‹እንጃ፣ ተነሥቼ አገኘዋለሁ› አለችኝ።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ያን ጊዜ አብሮት ይሠራ የነበረው አቶ ገብረ ሥላሴ በሕይወት አለ፤ እሱም ዘንድ ሄድኩ። እውነት ነው አለኝ፤ አዋሽ ወር ሙሉ አብረው ነበሩ። ለፖሊስ ተናግሮ ጓደኛው ስለሆንክ ነው ብለው መለሱት።

ይህን ይዤ ወደ ክንፉ ተመለስኩ። የአንቺን ሕመም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት፤ እንደ አስተማሪ ሁለት ጊዜ አስረዳሁት። ደስ ይለዋል ብዬ ጠበቅሁ። ልጄ፣ የመለሰልኝን ቃል በቃል ልጻፍልሽ፤ ከሰማሁት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

«እታለም» አለኝ፣ «መጀመሪያ አልነካኋትም እል ነበር። እስር ቤት እያለሁም እል ነበር። ሰው ሁሉ ሲለኝ፣ ሲለኝ፣ ከጊዜ በኋላ በሕልሜ ስመታት ማየት ጀመርኩ። ክንዷን ስይዝ፣ ስትጮህ። የቀሚሷ ቀለም ሳይቀር ይታየኛል። አሁን አዋሽ የነበርኩት ይሁን የመታኋት እውነቱ የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ስለዚህ ሰው አልነካም።»

እጁን ለምን ወደ ኋላ እንደሚይዝ ያን ጊዜ ገባኝ። ሰው ሲሰናበተው እንኳ እጁን ሳይሰጥ ራሱን ብቻ ጎንበስ ያደርጋል።

ክኒኑን አታቋርጪ። ጸበሉንም አታቋርጪ። ወተቱን ማታ አድርጊው።

ሀረገወይን

*

ሳን ሆዜ፣ ነሐሴ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሀረገወይን፣

ጠባሴ የወጡበትን እግርዎን ሄጄ ብስመው ደስ ይለኛል።

ሐኪሟን ስለ እናቴ ጠየቅኋት። እውነቱን ነው የነገረችኝ፤ «ደሟን ሳልመረምር ይህ ነበር ማለት አልችልም። የምትነግሪኝ ሁሉ ግን ከዚህ በሽታ ጋር ይሄዳል» አለች። በቤተሰብ የሚተላለፍ ዓይነትም ስላለ ቤዚን መረመሯት፤ ደህና ናት። ሌላ የሚታወቅ ነገር የለም፤ እናቴን ከመቃብር አስነሥተን አንጠይቃት።

እኔ ደህና ነኝ። ክኒኑን ጠዋት በባዶ ሆድ እውጣለሁ፤ ወተት ማታ ነው። ጉበቴ ላይ ትንሽ ከፍ ያለ ነገር ታይቶ መጠኑን ቀነሱልኝ፤ መፍራትዎ ልክ ነበር፣ መድኃኒቱ ጉበት ይነካል፣ ለዚህ ነው ደሜን በየጊዜው የሚያዩት። ዓይኔንም ቼክ ያደርጉታል፤ ሞራ ሊያመጣ ይችላል። ደም ከመጠን በላይ እንዲረጋም ያደርጋልና አንድ እግሬ ብቻ ቢያብጥ፣ ደረቴን ቢወጋኝ፣ ወይም ዓይኔ ቢጫ ቢሆን ሳልውል ሳላድር ኢመርጀንሲ እሄዳለሁ። ለራስ ምታት አስፕሪን የለም። ይህን ሁሉ የምጽፍልዎ እንዳይሠጉ ነው።

ግሩም ወደ መኝታችን ተመልሷል። የመጀመሪያው ጠዋት ብርድ ልብሱን ገልጦ ክንዴን ሲያይ አየሁት። ምንም አልነበረም። ቢሆንም አሁንም ያያል፤ በየጠዋቱ፣ የተኛሁ መስሎት። እሱን እንዲህ ያደረጉት ጥቂት ወራት ናቸው። አባቴስ በዚህ ውስጥ ስንት ዓመት ኖረ?

ይህን ይንገሩልኝ። «ልጅህ አዋሽ ነበርክ ትላለች። አንተ ብትረሳውም እኔ አልረሳልህም» ይበሉት። ጥር ላይ ከግሩምና ከቤዚ ጋር እንመጣለን፤ ቲኬት ቆርጠናል።

መንበረ

*

ደብረ ብርሃን፣ መስከረም 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለመንበረ፣

አዲሱ ዓመት የጤና ይሁንልሽ። መልእክትሽን አድርሻለሁ። ቃልሽን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብቶ ብዙ ቆየ።

ቀጥሎ በነበረው እሑድ ቤቴ ምሳ ጠራሁት። አቶ ገብረ ሥላሴንም ጠራሁ። በሕይወት የቀረው ወንድማችን አልመጣም፤ አልፈረድኩበትም፣ ይምጣ አይምጣ እሱ ያውቃል። ክንፉ በሩ ላይ ብዙ ቆሞ ገባ። በላ። ስለ አዋሽ ሙቀት ከገብረ ሥላሴ ጋር ተጨዋወቱ፤ አንድ የሰመጠ ግሬደር አስታውሰው ሳቁ። ሲስቅ ጥርሶቹ የአንቺ ናቸው።

በኋላ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ነበረ። ዝናቡ ገና አባርቶ መንገዳችን ጭቃ ነው፤ ጉልበቴን ታውቂዋለሽ። ደጅ ወጥተን «ክንፉ፣ ደግፈኝ» አልኩት።

ወደ ኋላ አፈገፈገ። «እታለም፣ እኔ ሰው አልይዝም። ገብረ ሥላሴን በይው።»

«አንተን ነው ያልኩት።»

የሰፈሩ ሰው ደጅ ላይ ነበር። እናትሽን ከገነዟት ሴቶች አንዷ ገና በሕይወት አለች፤ እሷም በሯ ላይ ተቀምጣለች። ወሬው ቆመ። እሱ እያየኝ ቆመ። እኔም ክንዴን ዘርግቼ ጠበቅሁት። ጭቃው ላይ መቆም ከብዶኝ ልወድቅ ስል ያዘኝ። እጁ በረዶ ነበር። እንቁላል የያዘ ይመስል ለቀቅ አድርጎ ነው የያዘኝ። «አጥብቅ እንጂ፣ ልትጥለኝ ነው?» አልኩት፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ። አጠበቀ።

እንዲሁ ሆነን ሴትዮዋን አልፈን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ድረስ ሄድን።

እንጠብቃችኋለን።

አክስትሽ ሀረገወይን